መስመሩ በየት በኩል ይለፍ

በከተማው መንገዶች ቢሮ ውስጥ «እመት ኖራ» ስትባል የማያውቃት የለም። ስሙን ያወጡላት ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው። እሷም አልከፋትም፤ እንዲያውም ስልክ ሲደወልላት «አቤት፣ እመት ኖራ ነኝ» እያለች ታስቃቸዋለች። ሥራዋ የብስክሌት መንገድ መንደፍ ነው። ብስክሌተኛው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የት ላይ ቆሞ እግረኛ እንደሚያሳልፍ፣ መስመሩ የት ነጭ የት አረንጓዴ እንደሚሆን የምትወስነው እሷ ናት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መስመር ማስመር ደግሞ ምን ትምህርት ይፈልጋል ይላል። እንዲህ ላለው ሰው መልስ ሰጥታ አታውቅም። ብስክሌት ላይ አውጥቶ አንዴ መስቀለኛ መንገድ ማሻገር ይበቃዋል ብላ ታምናለች።

የኖራው ነገር የመጣው ከአንድ ውርደት ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ የመጀመሪያ ንድፏ ተቀብቶ አለቀ ሲሏት ደስ ብሏት ልታየው ሄደች። መስመሩ ያምራል። ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና መሀል ላይ ድንገት እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ፣ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። ምን ጉድ ነው ብላ ብትጠይቅ፣ በተቀባበት ዕለት እዚያ ላይ የግንበኞች አሸዋ ተከምሮ ነበር አሏት። አሸዋው በማግስቱ ተነሥቷል። ቀቢዎቹ ግን ፕላኑን ትተው አሸዋውን አክብረው፣ ዙሪያውን ተጠንቅቀው ቀብተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ወደየቤታቸው ገብተዋል። እስካሁን በዚያ የሚያልፍ ብስክሌተኛ ሁሉ በሌለ አሸዋ ዙሪያ ይዞራል።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣች። ቀለም ከመቀባቱ በፊት መስመሩ በኖራ ይሰመራል። ኖራው ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ሰው ይነዳበታል፣ ከዚያ እሷ ትመጣና ጎንበስ ብላ የጎማውን አሻራ ታነባለች። ሰው በስብሰባ ላይ የሚናገረውና ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ የሚያደርገው ለየቅል ነው፤ ኖራው የሚያሳያት ሁለተኛውን ነው። ባልደረቦቿ መጀመሪያ ሳቁባት፣ ቀጥሎ ተሰላቹባት፣ በመጨረሻ ለመዷት።

አሁን የያዘችው መንገድ ግን ተወልዳ ያደገችበት ሰፈር ውስጥ ነው። ሰፈሩ መልሶ ማልማት ገብቶበት ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ ተሠርቷል። በአንዱ በኩል አዲሱ ረጅም ሕንፃ ከሥሩ ሱቆች ደርድሮ ቆሟል። በማዶ በኩል ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና ተራቸው ያልደረሰ አሮጌ ቤቶች አሉ። ድሮ ሁለት ሰው ጃንጥላ ይዞ የማይተላለፍባት መንገድ አሁን ሰፍታ አራት መኪና ጎን ለጎን ታስኬዳለች። በአንድ ጎኗ ሂያጁንም ተመላሹንም የሚይዝ የብስክሌት መንገድ እንዲኖራት ተወስኗል። በየትኛው ጎን ይሁን የሚለው ለእመት ኖራ ተተወ።

አባቷ ደግሞ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ፍሬን» ይለዋል፤ የተበሳ የጎማ ካላማደሪያ ሊያስለጥፍ የመጣን ሰው ሁሉ ፍሬኑን ሳይፈትሽ ስለማይለቅ ነው። ደንበኛው ቸኩያለሁ ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሽቦውን ያጠብቃል። ለዚህም አያስከፍልም፣ ግን ምክር ያሰማል፤ ከክፍያው የሚከብደው ምክሩ ነው የሚሉ አሉ። አሮጌው ሱቁ ከፈረሰ በኋላ በዘመድ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሲሠራ ቆይቶ፣ አሁን በአዲሱ ሕንፃ ሥር ምትክ ሱቅ ደርሶታል። ሱቁ ባለ መስታወት በር፣ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት ነው። የጎደለው ደንበኛ ብቻ ነበር። የድሮዎቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ አዲሶቹ ነዋሪዎች በመኪና ይገባሉ፣ በመኪና ይወጣሉ።

ጋሽ ፍሬን ግን አልሰጋም። ልጄ የብስክሌቱን መንገድ በደጄ ልታሳልፈው ነው፣ ያኔ ታያላችሁ ይላል። ለማን ያልተናገረው አለ? ለጎረቤቱ ለመጋረጃ ሻጯ ነግሯል፣ ለፀጉር አስተካካዩ ነግሯል፣ ለሕንፃው ዘበኛ ነግሯል፣ የሱቁን በር ተሳስቶ ለከፈተ ሰው ሳይቀር ነግሯል። ነጋዴዎቹም እያደር አመኑት፤ ብስክሌተኛ የቆመበት ደጅ ገበያ አያጣም ብለው ለመንገዱ ከእሱ እኩል መጠበቅ ጀመሩ።

እውነትም የመጀመሪያው ንድፍ መስመሩን በሱቆቹ ደጅ ነበር ያሳለፈው። እመት ኖራ ምክንያት አላጣችም። የማዶው ወገን ገና ሊፈርስ ነው፣ የወዲህኛው ተጠናቋል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ የመብራት ምሰሶዎቹም ከመንገድ ርቀው ነው የተተከሉት። ለአለቃዋ ስታስረዳ አፏን ሞልታ ነበር፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ንድፉ ጸደቀ፣ ቀለሙ ታዘዘ፣ የምረቃው ቀን ተቆረጠ። ኖራው የተሰመረ ዕለት ጋሽ ፍሬን ልቡ ቅቤ ጠጣ። ከሱቁ ወጥቶ በመስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ እያለ፣ የሚያልፈውን ሁሉ «የልጄ ነው» ሲል ዋለ።

በሳምንቱ ጠዋት ኖራዋን ልታነብ መጣች። ከላይኛው ጫፍ ጀምራ ወረደች። አሻራው ደስ የሚል ነበር። ቀጫጭን የልጆች ጎማ አለ፣ ወፍራም የዕቃ ጫኝ ጎማ አለ፣ ጎን ለጎን እያወሩ የሄዱ የሁለት ጓደኛሞች ጎማ አለ። ከመስመሩ የወጣ የለም። እንዲህ ነው እንጂ እያለች፣ በገዛ ሥራዋ እየተደሰተች፣ ከአባቷ ሱቅ አጠገብ ካለው የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ መውጫ ደረሰች። እዚያ ላይ አሻራው ሁሉ ተተረማመሰ። ገሚሱ ጎብጦ ከመስመሩ ወጥቶ መኪና መንገድ ውስጥ ገብቷል። ገሚሱ ተጎትቶ ኖራውን ጠርጎታል። አንድ ቦታ ላይ ጫማ እየተንፏቀቀ የሄደበት ረጅም ዱካ አየች፤ ፍሬን የሌለው ሰው በእግሩ ለመቆም ሲታገል የተወው ነው።

ቀና ብላ ቆመችና ተመለከተች። ብዙም አልጠበቀች። ከሥር የሞተር ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የመኪና አፍንጫ ወደ ሰማይ ተንጋጦ ብቅ አለ። ሾፌሩ ዳገቱን እስኪጨርስ ከሰማይ በቀር የሚያየው የለም፤ መንገዱን ሲያይ የመኪናው ግማሽ ኖራው ላይ ነው። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት ልጇን ከኋላ አስቀምጣ እየነዳች ደረሰች። መሪውን ጠመዘዘች፣ መኪኖቹ መሀል ገባች፣ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀባት፣ አለፈች። ልጁ ከኋላ ሆኖ ለጭነት መኪናው እጁን ያውለበልብ ነበር።

እመት ኖራ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ንድፉን ስትሠራ የአባቷ ሱቅ የትኛው እንደሆነ ታውቋል እንጂ ሕንፃው ገና ባዶ ነበር፣ መውጫውም በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር። ፕላኑ ላይ አይታዋለች፤ ለመኪኖቹ መቆሚያ መስመርም አስምራለታለች። ግን የሌላ ሰፈር መንገድ ቢሆን ኖሮ ቆርቆሮውን ገልጣ ትገባ ነበር፤ ዳገቱን በእግሯ ትወጣው ነበር፤ ነዋሪው እስኪገባ ድረስም አለቃዋን ታስጠብቅ ነበር። ለምን እንዳላደረገችው ራሷን አልጠየቀችም፣ መልሱን ታውቀዋለችና። አባቷ በዚያ ሰዓት ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ካቻቢቴ በያዘ እጁ ሰላም ይላታል።

ሥራን በተመለከተ ማመንታት አታውቅም። በዚህ በኩል አይሆንም፣ አለቀ። መስመሩ ወደ ማዶ፣ ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ትምህርት ቤቱ ወገን ይሄዳል። ያ ወገን ሲፈርስ የሚያስቸግረውን ነገር አሰበችና ለሱም መላ አላጣችም፤ የሚፈርሱት ቤቶች ከጠርዙ ራቅ ብለው ነው ያሉት፣ አጥሩ ወደ ውስጥ ከተተከለ መስመሩ አይነካም። ያን ጊዜ ይህን ያላሰበችው ማሰብ ስላልፈለገች ነው። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፣ አባቷን ከሩቅ ሰላም ብላ ወደ ቢሮ ሄደች።

አለቃዋ ደግ ሰው ነው፤ ክፋቱ ምረቃ ይወዳል። ሪባን የሚቆረጥበትን ቀን ከልጆቹ የልደት ቀን አስበልጦ ያስታውሳል። ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ መስታወት እንስቀል አለ። መስታወት መኪና አያቆምም አለችው። እንግዲያው ማስጠንቀቂያ ምልክት እናቁም አለ። ሾፌሩ ሰማይ እያየ ስለሚወጣ ምልክቱን ሰማይ ላይ ካልተከሉት አያየውም አለችው። ቀለሙ እኮ መጥቷል፣ በርሜሉ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል አለ።

«ቀለሙ ማዶም ይቀባል፣ አለቃዬ» አለችው። «በርሜሉ የየትኛው ወገን እንደሆነ አያውቅም።»

አለቃው ግንባሩን አሸ። እሷ ስህተቴ ነው ብላ በመጣች ጊዜ ሁሉ ትክክል ሆና እንደምትገኝ ያውቃል። ነገር ግን ነጋዴዎቹ ቃል ተገብቶላቸዋል፤ በሰፈሩ መፍረስ የተጎዱት ሳያንስ አሁን ደግሞ ከደጃቸው መንገድ ነጥቆ ለማዶ መስጠት በላይኞቹ ዘንድ ያስጠይቀዋል። ስለዚህ ሸክሙን እሷ ላይ ጣለው። ስብሰባ ይጠራል፣ ነጋዴዎቹን ካሳመነች መስመሩ ይዞራል፣ ካላሳመነቻቸው ቀለሙ ኖራው ባለበት ይቀባል። ስብሰባው በማግስቱ እንዲሆን ተነገረ። ነጋዴዎቹም ወሬውን በሰሙ በሰዓቱ ተጠራርተው የሚናገርላቸው ሰው መረጡ። የመረጡት ጋሽ ፍሬንን ነው። እንዴት አድርጋ አባቷን እምቢ ትለዋለች ብለው አስልተው ነው፤ ስሌቱ መጥፎ አልነበረም።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ራሷ ልትነግረው ሄደች። ጋሽ ፍሬን ቸርኬ ሲያቀና ነበር። ገና ስትገባ ሳቀ፣ አንድ እብድ መንገዱ ሊዞር ነው እያለ ያስወራል አላት። እብዷ እኔ ነኝ አለችው። ከዚያ ሳትሸሽግ፣ ሳታለዝብ፣ ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። ቸርኬውን በጣቱ አሽከረከረው፣ እስኪቆምም ጠበቀ።

«ለባዳው ሁሉ ስትሠሪ ኖረሽ፣ እኔ ጋ ስትደርሺ ነው እንከን የተገኘው?» አላት።

መልስ ልትሰጠው ስትል ቀደማትና ፍሬን ያለው ሰው የትም ቢሆን ይቆማል፣ መንገድ ላይ ችግር የለም፣ ችግሩ ሁልጊዜ ፍሬን ላይ ነው አለ። ዕድሜውን ሙሉ ያመነበት ነገር ይኸው ነው። እሷም መንገድ የሚሠራው ፍሬን ላለው ብቻ አይደለም አለችው። እሱ ግን አልሰማትም፤ የራሱን ብስክሌት ከግድግዳው ላይ አውርዶ እየገፋ ወጣ። «ነይ ላሳይሽ» አለ።

ትከሻውን ይዛ ልታስቀረው ሞከረች። ሽማግሌ ነው፣ ግን ብስክሌት ላይ ሲወጣ ሽምግልናውን መሬት ላይ ጥሎት ነው የሚወጣው። ወደ ላይ ርቆ ሄደ፣ ዞረ፣ በኖራው ላይ ቁልቁል ለቀቀው። እመት ኖራ መውጫው አጠገብ ቆማ ከሥር የሞተር ድምፅ ሰማች። እጇን አነሣች፣ ጮኸችም፣ ሾፌሩ አልሰማም። የመኪናው አፍንጫ ብቅ አለ። ጋሽ ፍሬን ሁለቱንም እጁን ጨበጠ፤ ብስክሌቱ አንዴ ዘነበለና ከመኪናው በር በስንዝር ርቀት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሏል። ጋሽ ፍሬን ግን ደረቱን ነፍቶ ወረደና ወደ ልጁ ዞረ።

«አየሽ?» አላት።

ደሟ ፈልቷል። ቢሆንም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አየሁ። ያንን ፍሬን ማነው ያጠበቀው?»

«እኔ ነኛ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እዚህ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዛሬ ጠዋት አንተ ጋ መጥቶ ነበር፣ አባዬ?»

መኪናው ቀስ ብሎ ሄደ። ሽማግሌው ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ሱቁ ገባና የመስታወቱን በር ከውስጥ ዘጋው። እሷም ትንሽ ቆማ ጠበቀች። በመስታወቱ ውስጥ ጀርባውን ታየዋለች፣ አልዞረም። ማታ እናቷ ጋ ደውላ እንዴት ሆነ ብላ ስትጠይቅ፣ ቃል አልተነፈሰም፣ ዘይት የማያስፈልገውን ካቴና ዘይት እየቀባ ነው፣ ምን አድርገሽው ነው አለቻት። አባቷ ነገ ምን እንደሚል እናቷም አታውቅም፣ እሷም አታውቅም። ሌላውን ሁሉ ልትረታ እንደምትችል እርግጠኛ ናት፤ እሱ ተነሥቶ «ልጄ በድላናለች» ካለ ግን ነገሩ ያበቃለታል። ቀለሙ ይቀባል። ያች እናትም ልጇን ከኋላ አስቀምጣ ነገ ከነገ ወዲያ በዚያው ታልፋለች።

ስብሰባው ማዶ ካለው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። የሕፃናት ወንበር ስለሆነ ነጋዴው ሁሉ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ነው የተቀመጠው፤ ተቆጥቶ የመጣ ሰው እንኳ እንደዚያ ተቀምጦ መቆጣት ያስቸግረዋል። አለቃዋ በመምህሩ ወንበር ላይ ሆኖ ስብሰባውን ከፈተ። እመት ኖራ ጥቁር ሰሌዳው ላይ መንገዱን በጠመኔ ሣለች። ሕንፃውን፣ ዳገቱን፣ የሾፌሩን ዐይን የሚያሳይ መስመር አስገባች። ከዚያ ደግሞ አዲሱን መስመር በማዶ በኩል ሣለችና፣ ከመውጫው ርቆ በሱቆቹ ረድፍ መሀል ፊት ለፊት ሰፊና ከፍ ያለ መሻገሪያ እንደሚኖር፣ እሱም አረንጓዴ ተቀብቶ ከሩቅ እንዲታይ እንደምታደርግ አስረዳች። የመጀመሪያውን ንድፍ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ አለች። ድምጿ ውስጥ ልመና አልነበረም።

ነጋዴው አልተዋጠለትም። ፀጉር አስተካካዩ መሻገሪያ ማለት መተላለፊያ ነው፣ ማን ብሎ ነው መንገድ አቋርጦ ለፀጉር የሚመጣው አለ። አንዱ ድሮውንም ለድሃ ያሰበ የለም አለ። ሌላው ሲፈርስ ዝም አልን፣ ሲሰጠን አመሰገንን፣ አሁን ሲነጠቅስ ምን እንበል አለ። ይኼኛው ልክ ስለነበረ እመት ኖራ አንገቷን ነቀነቀችለት። በመጨረሻ መጋረጃ ሻጯ ከትንሿ ወንበር ላይ እንደምንም ተላቃ ቆመች።

«ለወለዳት ያላዘነች ለእኛ ታዝናለች ብላችሁ ነው?» አለች። «ጋሽ ፍሬን፣ ተናገርልን እንጂ።»

ጋሽ ፍሬን ከኋላ መስኮቱ ሥር ነበር የተቀመጠው፤ እስካሁን አንዲት ቃል አልወጣውም። ተነሣ። ልጁን ሳያይ መጋረጃ ሻጯን አየ።

«የልጅሽ ብስክሌት የኋላ ፍሬን ከተበጠሰ ስንት ጊዜው ነው?» አላት።

«አሁን ይሄ ምን አመጣው?» አለች። «ልጄ እንደሆነ በጫማው ያቆማል።»

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ፍሬን ግን አልሳቀም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመ።

«የፊተኛውስ?»

«የፊተኛው...» ብላ ቆም አለች።

«የፊተኛውም የለውም፤ እኔ አይቼዋለሁ። እኔ የዚህን ሰፈር ብስክሌት ሁሉ አውቀዋለሁ። ፍሬን ያለው ጥቂቱ ነው፣ የሚይዝ ፍሬን ያለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ትናንት በዚያ የመኪና መውጫ በኩል እኔ ራሴ ነድቼ አይቻለሁ። ያ መኪና የወጣው እኔ ላይ ነው፣ ቆምኩ። በልጅሽ ላይ ቢወጣ ኖሮ በጫማው አይቆምም ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔ ለናንተ እንድናገር መርጣችሁኛል፤ ይኸው ተናገርኩ። መስመሩ ወደ ማዶ ይሂድ። ከሱቄም ይራቅ። ገበያ ካጣሁ አጣሁ።»

መጋረጃ ሻጯ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ መሻገሪያው በትክክል የት ጋ ነው የሚሆነው ብሎ ጠየቀ፤ ሰው እንደዚህ መጠየቅ ሲጀምር ነገሩ እንዳለቀ እመት ኖራ ታውቃለች። ወደ ሰሌዳው ዞራ አሳየችው። እጅ ይውጣ ሲባል እጅ ወጣ፤ ሁሉም ግን አልነበረም፣ በደስታም አልነበረም። መጋረጃ ሻጯ እጇን ያወጣችው መጨረሻ ላይ ነው፣ እያጉረመረመች፣ ወዲያውም ሹልክ ብላ ወጣች። ልጇ ከትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት ነበር። አለቃው ከስብሰባው ሲወጣ ምረቃው በሳምንት ቢገፋ ምን ይላል ብሎ ራሱን ጠየቀ፣ ራሱም ፈቀደለት።

አባትና ልጅ ተያይዘው ወጡ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ተሻግረው አዲሱ ሕንፃ ጥግ ደርሰው ኖራው ጋ ቆሙ። ብዙ ሰው ስለሄደበት እየደበዘዘ ነው። እመት ኖራ ማለት የሚገባትን ከትናንት ጀምሮ በሆዷ ይዛ ስትዞር ነበር፤ አሁን አወጣችው።

«አባዬ፣ መጀመሪያ በዚህ በኩል ያደረግኩት አንተን አስቤ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ለሰው የነገርኩት ምክንያት ሁሉ እውነት ነበር። ግን ባንተ ደጅ ባይሆን ኖሮ አጥብቄ አየው ነበር።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ» አለ። የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሳይከፍትበት መልሶ ከተተው። እፍረት ሲይዘው እንዲህ ያደርገዋል። «እኔም አውቅ ነበር። ሱቁ ውስጥ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አጠገቤ ነው ያለው። መኪናው ብቅ ሲል ስንት ጊዜ ደንግጫለሁ። ኖራው ከተሰመረ ወዲህማ በየቀኑ አይቻለሁ።»

እመት ኖራ ዞራ አየችው። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትቀይሪዋለሽ ብዬ ነዋ።»

ተቆጣችም፣ አዘነችለትም፣ ኮራችም፤ የትኛው እንደቀደመ እሷም አታውቅም። ከአለቃዋም ሆነ ከማንም እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምታ አታውቅም፤ የሰማችው ግን አባቷ አፍሮ ሲናገረው ነው። ክንዱን ያዘችው። እሱም ዝም ብሎ አስያዛት።

ሰፊውን መንገድ አብረው ተሻገሩ። ማዶ ደርሰው ጋሽ ፍሬን ወደ ኋላው ዞሮ ሱቁን አየው። መኪኖቹ በመሀል እየተመላለሱ አንዴ ይሸፍኑታል፣ አንዴ ይገልጡታል።

«ሩቅ ነው» አለ።

«ሩቅ ነው» አለችው፤ ልታጽናናው ብላ አልዋሸችውም።

ትንሽ ቆሞ አየ። ከዚያ ጀርባውን ለሱቁ ሰጥቶ ባዶውን ጠርዝ በዐይኑ ተከተለ።

«በይ እሺ፣ ከየት ነው የሚጀምረው? አሳዪኝ» አላት።

ከትምህርት ቤቱ በር ነው የሚጀምረው ብላ ይዛው ሄደች።